የአሮጌ ሞተርሳይክል የሞተሪኖ ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት፦ ለየትኛው ባለሙያና ለየትኛው ዕቃ ይከፈል?

የማስነሻውን ቁልፍ ሲጫኑ ሞተሪኖው (ኢንጂኑን የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተር) በባዶ እየጮኸ ሲሽከረከር፣ ኢንጂኑ ግን ንቅንቅ ሳይል ሲቀር፣ አዲስ ሞተሪኖ መግዛት ይሻል እንደሆነ ለሚጠይቁ ሰዎች የመጀመሪያው ጥቆማዬ እንዳይገዙ ነው። በፍጥነት የሚዞር ሞተሪኖ ሥራውን እየሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያንሸራትተው ኃይሉን ወደ ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ወደ ኢንጂኑ ዋና ዘንግ፣ የሚያሻግረውና ኢንጂኑ ሲነሣ የሚለቀው ባለ አንድ አቅጣጫ ፍሪሲዮን ነው። አልፎ አልፎም በመካከል ያለው ጥርስ (ባለ ጥርስ ጎማ) ተሰብሮ ይገኛል። ይህ ፍሪሲዮን በግራ እጅ ከሚጨበጠው የማርሽ ፍሪሲዮን ጋር አንድ አይደለም፤ ስማቸው በመመሳሰሉ ብቻ ጤነኛው ተቀይሮ በሽተኛው የቀረበት ሞተርሳይክል አይቻለሁ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያን ከኢንጂን መካኒክ የሚያስመርጠው ድምፁ ነው። ቁልፉ ሲጫን ቀጭታ ብቻ ከተሰማ ወይም ኢንጂኑ እየጎተተ ከዞረ ኤሌክትሪክ ሠሪው ይቅደም። የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ዕረፍት ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በማስነሣት ጊዜ ከ10 ቮልት በጣም ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ደክሟል። በባዶ የሚጮኸው ግን የመካኒኩ ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ ባትሪውን ሳይለካ ፍሪሲዮኑን ብቻ የሚቀይር መካኒክ ግማሽ ሥራ ሠርቷል፤ ደካማ ባትሪ ኢንጂኑን በዝግታ ስለሚያዞረው፣ እሳቱ ቀድሞ ሲመታ ክራንክሻፍቱ ወደ ኋላ ይመለስና ምቱ በቀጥታ ፍሪሲዮኑ ላይ ያርፋል።

ፍሪሲዮኑ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ከቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረው ማግኔት ያለበት ከባድ ጎማ) ጀርባ ስለሆነ፣ መካኒክ ስትመርጡ ቮላኖውን በምን እንደሚያወጣው ጠይቁ። ለዚያ ሞዴል የተሠራ ማውጫ ያለውን ምረጡ፤ በመዶሻ የሚመታ ማግኔቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቮላኖው ከወጣ በኋላ የፍሪሲዮኑ ጥርስ በእጅ ሲዞር በአንድ በኩል በነፃ መሄድ፣ በሌላው በኩል መቆለፍ አለበት። በእጅ መቆለፉ ብቻውን አያሳምነኝም፤ ጭነት ሲመጣ የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን በእጅ ሲሞከር ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ በ1969 እንደወጣው ሆንዳ ሲቢ750 ባሉ አሮጌ ሞዴሎች ፍሪሲዮኑ ሦስት ሮለሮች (ትናንሽ ድብልብል ብረቶች) ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱን ሮለር ትንሽ ሞላ ይገፋዋል። ሮለርና ሞላ ብቻ መቀየር ከሁሉም ርካሽ ነው፤ የሚያዋጣው ግን ሮለሮቹ የሚያርፉበት የጥርሱ አንገት ለስላሳ ሲሆን ብቻ ነው። ጥፍራችሁን አንገቱ ላይ ስታንሸራትቱ ቦይ ካገኛችሁ አዲሶቹም ሮለሮች እዚያው ያንሸራትታሉ፤ እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለት ጊዜ ከከፈልኩ በኋላ ነው። አንገቱን በቶርኖ ማስላጥም አልመክርም፤ ስፋቱ ሲቀንስ ሮለሮቹ የሚነክሱበት ማዕዘን ይዛባል፣ የጠነከረው የብረቱ ቆዳም ይነሣል። ያገለገለ ጥርስ ወይም ሮለሮቹ የሚቀመጡበትን ቤት በዓይን አይቶ መግዛት አያስነውርም፤ ያገለገለ ሞላ ግን አይገዛም። በሮለር ፈንታ ዘንበል እያሉ የሚነክሱ ትናንሽ ብረቶች ያሉትን፣ ስፕራግ የሚባለውን ዓይነት በየክፍሉ መጠገን ስለማይቻል በሙሉ ይቀየራል፤ ለመድረስ የሚፈታው ብዙ በመሆኑም ገንዘብ ለመቆጠብ ስም የለሽ ዕቃ የሚሞከርበት ቦታ አይደለም።

ቤቱን ከቮላኖው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ሲላሉ ኢንጂኑ ውስጥ ያንኳኳል። ብሎኖቹ በአዲስ ተተክተው፣ ጥርሳቸው ከዘይት ጸድቶ፣ ብሎን የሚይዝ ሙጫ ተቀብቶ በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) መጥበቅ አለባቸው።

የሚያንሸራትተው በብርድ ጠዋት ብቻ ከሆነ ግን ምንም ከመፈታቱ በፊት ዘይቱን ቀይሩ። ብዙውን ጊዜ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በኢንጂኑ ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ከወፈረ ወይም ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት ከሆነ ሮለሮቹ ሳይነክሱ ያልፋሉ። ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል የሞተርሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት (JASO MA፣ MA2) ያለበትን፣ ውፍረቱም በመመሪያው የታዘዘውን ዘይት ሞልታችሁ ለጥቂት ቀናት ሞክሩት፤ ካልተለወጠ ያን ጊዜ ክዳኑ ይከፈት።