ሳቁ ያላሰብነው ሰው ላይ አረፈ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ለማሳየት የምንለማመደው የ50 ደቂቃ፣ ባለ አንድ ገቢር ጨለማ ኮሜዲ አለን። የዓለም ፍጻሜ ደርሷል የሚል አባወራ የሚስቱን ኢንሱሊን ደፍቶ ማቀዝቀዣውን ይሸጣል፤ ገንዘቡን ለ«ነቢዩ» ይሰጣል።

በልምምድ የጋበዝናቸው ጎረቤቶች ግን የሳቁት በእሱ ሳይሆን ተንበርክካ በምትጸልየው ሚስቱ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ እውነት አላቸው። «ነቢዩን» አጋነንነው፣ የሚያብረቀርቅ ካባ ደረብንለት፤ ጭራሽ ተወደደ!

ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞሊየር በ1664 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ባበቃውና ወዲያው በታገደው ተውኔት፣ ዛሬ በምናውቀው ባለ አምስት ገቢር ቅጂው፣ ጻድቅ መሳዩን አታላይ ታርቱፍን እስከ ሦስተኛው ገቢር አያሳየንም፤ እስከዚያ የምንስቀው ባመነው አባወራ ነው። ለእኛ አንድ ገቢር ብቻ ነው ያለን። «ነቢዩን» ከመድረክ አውጥተን ድምፁን በስልክ ብቻ ብናሰማ፣ ሳቁ ከሚስቲቱ ጸሎት ወደ ባልየው ዕብደት ይዞርልናል?