አባዬን ለቀጠሮ ሳመላልስ

ጠያቂ (ሄርማታ፣ ጅማ)፦
ሰላም ናችሁ? አባዬ ሞተር ኒውሮን የሚባለው፣ ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን እያደከመ የሚሄድ ሕመም አለበት። ከባጃጅ ሳወርደው እግሩ ይጠላለፋል። አሁን ደግሞ ውሃ ትን ይለዋል። ትናንት ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ቡናው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ዝም ብሎ አየኝ። ሆዴ ተላወሰ። በቀጠሮው ምን ልጠይቅ?

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ ነርስ ነኝ። የሚያስቸግራቸው ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ አጥሚቱን ወፈር አድርጊው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይጠጡ። በየቀጠሮው ክብደታቸውን አስመዝኚ። ጠዋት ራሳቸውን ካመማቸው ወይም በጀርባ መተኛት ካቃታቸው ቀጠሮ አትጠብቂ። የትንፋሽ ጡንቻ እየደከመ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦
እናቴን አስታምሜያለሁ። ሪሉዞል ስለሚባለው መድኃኒት ጠይቂ። አያድንም፣ ግን ሕመሙን ትንሽ ያዘገያል። ሲወስዱት የጉበት ምርመራም አለው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ራስ ምታቱን ዛሬውኑ እጠይቀዋለሁ።