የቻይናን ነጋዴ የት ላስቀምጠው?

ሰላም ወገኖች፣ ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ስለ ድሮዋ ቻይና የማኅበረሰብ መደቦች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። መምህሬ ፒራሚድ ሥለህ አምጣ ብሎኛል። እሱ ላይ ቆሜያለሁ።

ከላይ ወደ ታች ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ምሁር፣ ገበሬ፣ የእጅ ባለሙያ፣ ነጋዴ። ምክንያቱም ገብቶኛል። ገበሬው ያመርታል፣ ነጋዴው ግን ሌላው የለፋበትን ገዝቶ ይሸጣል። የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች ጋኦዙ ነጋዴዎች ሐር እንዳይለብሱና በሠረገላ እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በመጣው በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ደግሞ ከገበሬ ቤተሰብ አንድ ሰው ንግድ ከጀመረ መላው ቤተሰብ ሐር መልበስ ተከለከለ። ጉድ እኮ ነው!

የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት፣ ቺንግ ዘመን ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይዘበራረቅብኛል። የያንግጆው ከተማ ነጋዴዎች በመንግሥት ፈቃድ ጨው እየሸጡ የሀብት ጣሪያ ነኩ። የተንጣለለ የአትክልት ቦታ ያሠራሉ፣ ሠዓሊ ይደጉማሉ፣ ልጆቻቸውን ለመንግሥት ሹመት ፈተና ያዘጋጃሉ። ፈተናው ካልሆነ ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር። ታዲያ መሬት እንኳ የሌለው ጭሰኛ ከእነዚህ በላይ ነበር ብዬ እንዴት ልጻፍ?

ለእኔ ደረጃው የምሁራኑ ምኞት ይመስለኛል፤ ጻፊዎቹ ራሳቸው አይደሉ? ግን የልብሱ ክልከላ ሕግ ነበር። እንዴት ላስታርቃቸው? ወታደሩን፣ መነኩሴውንና የቤተ መንግሥቱን ጃንደረባስ የት ላስገባ? ወይስ ሁለት ፒራሚድ ልሣል፣ አንዱን ለክብር፣ ሌላውን ለገንዘብ?