የጋራ ሞኒተር ግዢ፦ ለጥር ሰርግ እንዲደርስ (የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ አንሺዎች ማኅበር አባላት ውይይት፤ አንዳንዱ አባል በሰፈሩ ስም ተጠርቷል)

ጸሐፊ፦ ባለፈው የተነጋገርነውን አስፍሬዋለሁ። ባለ 27 ኢንች፣ ፎርኬ (ምስሉ ጥርት ያለ)፣ አይፒኤስ (ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ የማይለወጥ) ሞኒተር አንድ። ቢሮ ይቀመጣል። ማንም ሰርግ ከማስረከቡ በፊት ቀለሙን እዚያ ያረጋግጣል። መዋጮ በነፍስ ወከፍ 3000 ብር። የሚያዝያዋን ሙሽራ አልረሳችሁም። ጥበቧ ደም የመሰለ ቀይ ነበር፤ ብርቱካን አድርገን አስረከብናት።

ሽምብጥ፦ «አድርገን» አትበል። የማን ላፕቶፕ እንደነበር ይታወቃል።

ዓባይ ማዶ፦ የእኔ ነው፤ አልካድኩም። ቲኤን ስክሪን ነው። ቀና ስል አንድ ቀለም፣ ጎንበስ ስል ሌላ ቀለም ያሳየኛል። አባቷ ፊት ቆሜ ግማሽ ክፍያውን የመለስኩትም እኔ ነኝ። መዋጮውን እደግፋለሁ። ግን ለምን ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት አይሆንም? ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ነው።

ጸሐፊ፦ ኦሌድ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ታበራለች፤ ስትጠፋም ጨርሳ ትጠፋለች። ጥቁሩ የሚያምረው ለዚህ ነው። ግን ነጥቦቹ እየሠሩ ይደክማሉ። የእኛ ኤዲቲንግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሮ የሚውል ሜኑ አለው። ውሎ አድሮ ጥላው ስክሪኑ ላይ ይቀራል። አይፒኤስ ከኋላው መብራት ስላለ ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ይላል፤ ንፅፅሩ፣ ማለትም ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጥበት ድምቀት፣ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ነገር ግን ሦስት ሰው ከሦስት ጎን ቆሞ ቢያይ አንድ ቀለም ነው የሚያየው። ለእኛ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የድሮኑን መዋጮ ያልከፈሉ አራት ሰዎች አሉ። ድሮኑ ጣና ውስጥ ነው፤ ዕዳው እኔ ደብተር ላይ። መጀመሪያ እሱ ይዘጋ። ደግሞ ስታብላይዘር ሒሳቡ ውስጥ አለ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

ሽምብጥ፦ ዋጋውን እኔ ዞሬ እጠይቃለሁ። ነገ እነግራችኋለሁ።

ጊዮርጊስ ጎን፦ የት ነው የሚሰቀለው?

ጸሐፊ፦ ከመስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ላይ። ትይዩው ላይ ካደረግነው ከሐይቁ በኩል የሚገባው ብርሃን ያጥበዋል።

ጊዮርጊስ ጎን፦ እዚያ የየኔታ ፎቶ አለ።

ጸሐፊ፦ ፎቶው ወደ በሩ ይዛወራል ጋሼ።

ጊዮርጊስ ጎን፦ አይነካም። በሩ አጠገብ ጃንጥላ ነው የሚንጠለጠለው።

ዓባይ ማዶ፦ ለአንድ ሚስማር ይህን ያህል?

ጊዮርጊስ ጎን፦ ሚስማር አልክ? ይህን ማኅበር በአንድ ካሜራ ያቆመው ማን ሆነና? ጨለማ ክፍል ገብተን ፊልም ማጠብ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አንተ ያኔ አልተወለድክም።

ዓባይ ማዶ፦ ፎቶው እኮ ፀሐይ በልቶት ቀልቷል። ፊታቸው አይለይም። ክብር ነው ይሄ?

ጊዮርጊስ ጎን፦ እኔን ክብር ልታስተምረኝ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሞኒተር እግር አለው። ጠረጴዛ ላይ አቁሙት።

ጊዮርጊስ ጎን፦ ከእንግዲህ ስለ ጠረጴዛ አይደለም።

ፓፒረስ፦ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ፎቶው ከተነሣ መዋጮ የለኝም።

ዓባይ ማዶ፦ ጋሼ ይቅርታ። በንዴት ነው የተናገርኩት። የእኔ አባትም በእሳቸው እጅ ነው የሠለጠነው። ፎቶው ይታደስ፤ በትልቁ ይታተም። እኔ እችላለሁ።

ጊዮርጊስ ጎን፦ እንዲህ ስትል ጥሩ ነው። ተባረክ።

ፓፒረስ፦ እንግዲህ ግድግዳው ከተነካ አይቀር 55 ኢንች ቲቪ ይሰቀል። ደንበኛ ሰርጉን በትልቁ ያያል፤ ቅዳሜ ኳስ እናሳይበታለን። ኪውሌድ የሚሉት አለ።

ጸሐፊ፦ ኪውሌድ ስሙ ነው ከኦሌድ የሚመሳሰል። ኤልሲዲ ነው፤ እንደ አይፒኤሱ ከኋላው መብራት አለው። ብዙዎቹ ቲቪዎች ቪኤ የሚባለው የኤልሲዲ ዓይነት ናቸው። ንፅፅራቸው 3000 ለ1ና ከዚያም በላይ ስለሆነ ጥቁራቸው ከአይፒኤስ ይሻላል፤ ከጎን ስታያቸው ግን ቀለሙ ይገረጣል። ሱቅ ውስጥ የሚያምሩት ደግሞ ቀለሙ ተጋኖ ስለሚለቀቅ ነው። ለኳስ ጥሩ ነው። ለጥበብ ቀለም አይሆንም። እባካችሁ፣ የተነሣንበት ነገር ሌላ ነው።

ፓፒረስ፦ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ የሚያየው በዚያው ቲቪ አይደል?

ጸሐፊ፦ ነው። አንዱ ቲቪ ያጋንናል፣ ሌላው ያገረጣል። መነሻው ትክክል ካልሆነ ሁሉም ላይ ይበላሻል።

ጊዮርጊስ ጎን፦ ግድግዳው ጭቃ ነው። የየኔታን ፎቶ እንጂ ቲቪ አይሸከምም። መጀመሪያ ይለሰን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሽምብጥ፣ ዋጋው የታል? ሳምንት ሆነ።

ጸሐፊ፦ ይኸው የተስተካከለው። አንደኛ፣ ግድግዳው ይለሰናል፣ ይቀባል። ሁለተኛ፣ የየኔታ ፎቶ ታድሶ በትልቁ ይታተማል፤ ቦታው አይለወጥም። ስክሪኑ፣ ሞኒተርም ሆነ ቲቪ፣ ከተረፈው ገንዘብ ይታያል። እኔ በዚህ ደስተኛ አይደለሁም። ጥር ደርሷል።

ጊዮርጊስ ጎን፦ እስማማለሁ። ፎቶው ቀለሙ በደንብ ይመለስ። ካባቸው ጠቆር ያለ ቡናማ ነበር፤ ቀይ እንዳታደርጉት።

ዓባይ ማዶ፦ ስካን አድርጌዋለሁ። በእኔ ስክሪን ግን አልነካውም። ደህና አይፒኤስ ያለው ሰው ለሁለት ቀን ያውሰኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የድሮኑ አራት ሰዎች፣ እስከ ዓርብ።