ለሠርግ ፎቶ ካኖን 6ዲ ማርክ 2 ወይስ 5ዲ ማርክ 3?

የባህር ዳሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሠርግና ምርቃት ነው የምሠራው። እስካሁን የያዝኩት ካኖን 700ዲ፣ 18-55 ሌንስ፣ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 እና አንድ ፍላሽ ነው። ከጥር በፊት ወደ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) መሻገር እፈልጋለሁ። ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆነ ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ቀርበውልኛል። አንዱ 6ዲ ማርክ 2 ነው፤ ሻጩ ሻተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) 38 ሺህ ጊዜ ገደማ ነው የመታው ይላል። ሌላው 5ዲ ማርክ 3 ሲሆን እሱ 140 ሺህ መትቷል ተብያለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ፎቶ ቢሆንም ደንበኞች ለስልክ የሚሆን አጭር ቪዲዮ ስለሚጠይቁ እሱንም የምቀርጸው ራሴ ነኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከሰዓት ጣና ዳር በጠራራ ፀሐይ፣ ማታ ድንኳን ወይም አዳራሽ ውስጥ እሠራለሁ። የትኛው ይሻለኛል? ከካሜራው ሌላ የሚያስወጣኝ ነገርስ አለ?

ቀይ ነጥብ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ምክንያቱም በጀትሽን የሚወስነው እሱ ነው። 18-55 ሌንስሽ ኢኤፍ-ኤስ ስለሆነ ከሁለቱም ካሜራዎች ላይ አይገጥምም። ሌንሱ መግጠሚያ ላይ ያለውን ምልክት እዪው፦ ነጭ አራት ማዕዘን ከሆነ ለክሮፕ ሴንሰር (እንደ 700ዲሽ ላለ አነስተኛ ሴንሰር) ብቻ የተሠራ ነው፤ ቀይ ክብ ነጥብ ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል። 50ውን ይዘሽ ትሻገሪያለሽ፤ ነገር ግን 700ዲ ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር የሚያሳይሽ ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ትክክለኛ 50 ይሆናል። ፊት ለማንሳት ከለመድሽው ቦታ ወደፊት መጠጋት ይኖርብሻል ማለት ነው።

ስለዚህ ለቤተሰብ የቡድን ፎቶ የሚሆን ሰፊ ሌንስ ግዴታ ነው። ያገለገለ 24-105 ኤፍ 4 ኤል ለጀማሪ በጀት ከሁሉም ይቀላል። በውስጡ ያለው ማረጋጊያ የእጅሽን መንቀጥቀጥ ይይዝልሻል፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን አያቆምልሽም። የሚጨፍር ሰው በ1/30 ሴኮንድ ካነሳሽ ማረጋጊያ ኖረም አልኖረ ይደበዝዛል።

ባትሪሽም አይሠራም። 700ዲ ኤልፒ-ኢ8 ነው የሚወስደው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የኤልፒ-ኢ6 ቤተሰብ ናቸው። በካኖን መለኪያ 6ዲ ማርክ 2 በአንድ ሙሌት ወደ 1200፣ 5ዲ ማርክ 3 ወደ 950 ፎቶ ያነሳል። ቪዲዮ ሲጨመር ቁጥሩ በጣም ይወርዳል፣ መብራትም ሊጠፋ ስለሚችል ሦስት ባትሪ ያዢ።

ጥለት

ለፎቶ ብቻ ቢሆን ያለ ማመንታት 5ዲ ማርክ 3 እል ነበር። በ2012 የወጣ ካሜራ ቢሆንም የፎከስ ሥርዓቱ ከ2017ቱ 6ዲ ማርክ 2 ይበልጣል። 5ዲው ያሉት 61 የፎከስ ነጥቦች በፍሬሙ ላይ ወደ ግራና ቀኝ በደንብ ተዘርግተዋል። የ6ዲው 45 ነጥቦች ሁሉም ክሮስ ታይፕ (በቁምም በአግድምም የሚይዙ) ናቸው፣ አያያዛቸውም ጥሩ ነው፤ ችግሩ መሃል ላይ መከማቸታቸው ነው። ካሜራውን በቁመት ይዘሽ ሙሽራዋን ከወገብ በላይ ስታነሺ ፊቷ ከፍሬሙ የላይኛው ክፍል ላይ ይውላል፤ የ6ዲው ነጥብ እዚያ ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ዓይኗ ላይ ፎከስ ታደርጊና ካሜራውን መልሰሽ ዝቅ ታደርጊያለሽ። በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ጠበብ ሲል) ይህ አይታወቅም። በኤፍ 1.8 ግን ካሜራው ሲዘቀዘቅ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ከዓይኗ ኋላ ይሄዳል። ጆሮ ጌጡና ሹሩባው ጥርት ብሎ ዓይኗ ብዥ ያለ ፎቶ የሚመጣው ከዚህ ነው። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል፤ ኮምፒውተር ላይ 100 ፐርሰንት ሲከፈት ነው የሚታየው።

5ዲው ነጥብ ለመቀየር በአውራ ጣት የሚገፋ ጆይስቲክም አለው። 6ዲው ላይ ይህን የሚሠራው ከኋላ ክቡ ውስጥ ያለው ባለ ስምንት አቅጣጫ ቁልፍ ነው፤ እስክትለምጂው ያዘገያል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ሁለት ሜሞሪ ነው። 5ዲው አንድ ሲኤፍና አንድ ኤስዲ ይይዛል፤ 6ዲው አንድ ኤስዲ ብቻ። ሠርግ አይደገምም። ግን ሻጮች የማይነግሩሽ አንድ ነገር አለ፦ የ5ዲው ኤስዲ ማስገቢያ ፈጣን ካርድ ብታስገቢበትም ቀርፋፋ ነው። ሮው (ሁሉንም መረጃ የሚይዘው ትልቁ ፋይል) በሁለቱም ላይ እንዲጻፍ ካደረግሽ ካሜራው በዝግተኛው ፍጥነት ይሄዳል፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ደጋግመሽ ስትጫኚ መሃል ላይ ይቆምብሻል። መፍትሔው ሮውን ሲኤፍ ላይ፣ ጄፔግ (የተጨመቀውን ትንሽ ፋይል) ብቻ ኤስዲው ላይ ማድረግ ነው።

ሻማ

ጥለት ያለው ስለ ፎቶ ልክ ነው። ነገር ግን ጠያቂዋ ቪዲዮውንም የምትቀርጸው ራሷ ናት፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ካሜራዎች በጣም ይራራቃሉ።

5ዲ ማርክ 3 ቪዲዮ እየቀረጸ የሚከተል ፎከስ የለውም። ሙሽራዋ ወደ አንቺ ስትመጣ በእጅሽ ሌንሱን እያዞርሽ መከተል ነው። ስክሪኑም አይታጠፍም፣ በንክኪም አይሠራም። 6ዲ ማርክ 2 ዱዋል ፒክስል ፎከስ አለው፦ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ትነኪያለሽ፣ እሱ ይከተላታል። ስክሪኑ ወደ ጎን ተገልብጦ ስለሚወጣ ከሰው ጭንቅላት በላይ አንስተሽም መቅረጽ ትችያለሽ። ጉድለቱንም እወቂው፦ ተራ 4ኬ ቪዲዮ የለውም፤ በ1080 በሴኮንድ እስከ 60 ፍሬም ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም፤ 5ዲው አለው። ድምፅ እየሰማሽ መቅረጽ ካለብሽ የተለየ መቅጃ ያስፈልግሻል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በላይ አይቀርጹም፤ ሙሉ ሥርዓተ ተክሊል ለመያዝ አትተማመኚባቸው።

የ6ዲው የመሃል ነጥብ በጨለማ የ5ዲው ከሚይዝበት አንድ ስቶፕ (በግማሽ) ዝቅ ባለ ብርሃንም ይይዛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ በማይፈቀድበት ቦታ ይህ በግልጽ ይታያል። ጥለት ላነሳው የነጥብ ችግርም መውጫ አለው፦ ቆመው ለሚነሱ ሙሽሮች ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ ማንሳት) ክፈቺና ዓይኗን በጣትሽ ንኪ። በላይቭ ቪው ፎከሱ አብዛኛውን ፍሬም ስለሚሸፍን ካሜራውን ማዘቅዘቅ አያስፈልግም። ለሚሮጥና ለሚጨፍር ሰው ግን ወደ ቪውፋይንደሩ (ዓይንሽን አስጠግተሽ ወደምታዪበት መስኮት) ተመለሺ።

አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የመብራት ጉዳይ አለ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸምበቆና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ፎቶ በ1/250 ስታነሺ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ የሚቀጥለው ቢጫና ጨለም ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው። 6ዲ ማርክ 2 ይህን ለይቶ ሻተሩን ብርሃኑ ሲደምቅ የሚመታበት ማስተካከያ አለው፤ 5ዲው የለውም። 5ዲውን ከያዝሽ 1/100 ላይ ተወሰኚ። ለቪዲዮ ሁለቱንም ካሜራዎች ሜኑ ላይ ፓል (ከ50 ኸርዝ መብራት ጋር የሚስማማው የቪዲዮ ዓይነት) አድርገሽ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን 1/50።

ጠጋኙ

የቱንም ብትመርጪ ከመክፈልሽ በፊት እነዚህን ሳታዪ አትውጪ።

የሻተሩን ቁጥር ካሜራው ሜኑ ላይ አያሳይም። የፋይል ቁጥርም ማስረጃ አይደለም፤ 9999 ከደረሰ በኋላ ከ0001 ይጀምራል። በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ በሚያነብ ሶፍትዌር ፊትሽ ላይ ይነበብ። የ5ዲ ማርክ 3 ሻተር የተገመተለት 150 ሺህ ነው። 140 ሺህ ላይ ያለ ካሜራ ነገ ይሞታል ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ከዚያ ያልፋሉ፤ ነገር ግን የሻተር መቀየሪያውን ዋጋ ጠይቀሽ ከተጠየቀው ላይ ቀንሺ።

ሻተሩን በዓይንሽ ፈትኚ፦ 5ዲውን 1/8000፣ 6ዲውን 1/4000 ላይ አድርጊና ደማቅ ሰማይ ደጋግመሽ አንሺ። ከፎቶው በአንዱ ጠርዝ ጥቁር ጥላ ካየሽ ሻተሩ ደክሟል። ቀጥሎ በኤፍ 22 ነጭ ግድግዳ ከፎከስ ውጪ አድርገሽ አንሺ። ግራጫ ክብ ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀጭን የማይንቀሳቀስ ሰንጥቅ ከሆነ ሴንሰሩ ተጭሯል፤ ተዪው።

5ዲው ላይ የሲኤፍ ማስገቢያውን በስልክ መብራት ተመልከቺ። ውስጡ ረድፍ ረድፍ የቆሙ ቀጫጭን ፒኖች አሉ፤ አንዱ እንኳ ከታጠፈ ካርዱ ሲገባ ይሰብረዋል። 6ዲው ላይ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ እያዞርሽ እዪ፤ በሆነ ማዕዘን ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ተጎድቷል። በመጨረሻ ፍላሽሽን ሰክተሽ አሥር ጊዜ ያህል አብሪው። በሜኑ የባትሪ መረጃ ክፈቺና ባትሪው ስንት አረንጓዴ እንደሚያሳይ እዪ፤ ሦስት ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ወደ ቀይ ከወረደ አዲስ ባትሪ በወጪሽ ላይ ደምሪ።

የባህር ዳሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሌንሱ ባላውቅ ኖሮ ገንዘቤን በሙሉ ካሜራው ላይ ነበር የማውለው። ወደ 6ዲው እያዘነበልኩ ነው። ሁለት ነገር ግን ያስፈራኛል፦ ሜሞሪው አንድ ብቻ መሆኑና ነጭ የሀበሻ ቀሚስ በፀሐይ ላይ። አንድ ሰው በ6ዲው የተነሳ ፎቶ ጥላው በኤዲቲንግ ሲደምቅ ይበላሻል ብሎኛል።

ጥለት

ልክ ነው የነገረሽ፤ ግን 5ዲውም ከዚህ አያመልጥም። በሁለቱም ላይ በጣም የጨለመ ቦታን በኤዲቲንግ ሦስትና አራት ስቶፕ ካደመቅሽ ጥላው ውስጥ መስመር መስመር ያለ ቆሻሻ ይወጣል። መፍትሔው ስታነሺ በትክክል ማብራት ነው። ፍሬሙን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ ቀሚሱ ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል። ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሪ፣ የሃይላይት ማስጠንቀቂያውን (ከመጠን በላይ የነጣ ቦታን ብልጭ እያደረገ የሚያሳየውን) ክፈቺ፣ በሮው አንሺ። ቀሚሱ በሰፊው ብልጭ ካለ 1/3 ቀንሺ፤ ጥልፉና የጨርቁ ፈትል ሳይጠፋ ፊቱ የሚበራበት ቦታ ይህ ነው።

ጣና ዳር በፀሐይ ፍላሽ ስትጠቀሚ የሻተር ፍጥነቱ በ6ዲው 1/180፣ በ5ዲው 1/200 ላይ ይቆማል፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ ፍጥነት በአይኤስኦ 100 ኤፍ 11 ገደማ ትደርሻለሽ፣ ስለዚህ ኋላው አይደበዝዝም። ፍላሽሽ ሃይ ስፒድ ሲንክ (ከዚህ በፈጠነ ሻተር የሚያበራበት አሠራር) እንዳለው አረጋግጪ፤ ከሌለው ሙሽሮቹን ጥላ ሥር አስገቢ። ማታ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ፍላሹን ወደ ጣሪያ አትተኩሺ። ድንኳኑ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ያንኑ ቀለም ይዞ ፊት ላይ ይወርዳል፣ በኤዲቲንግም በቀላሉ አይስተካከልም። ትንሽ ነጭ ካርቶን ፍላሹ ላይ አሥረሽ ወደፊት መልሺው።

ቀይ ነጥብ

ሻተሩ 140 ሺህ በመታና 38 ሺህ በመታ ካሜራ መካከል ከሆነ ምርጫው፣ እኔም 6ዲውን ነው የምመክርሽ። የሚተርፈው ገንዘብ 24-105ቱ ላይ ይዋል። ሚረርለሱ (በውስጡ መስታወት የሌለው) የካኖን ኢኦኤስ አርፒ በተቀራራቢ ዋጋ ቢመጣብሽ፣ ቀላል ቢሆንም በካኖን መለኪያ በአንድ ባትሪ 250 ፎቶ ገደማ ነው የሚያነሳው፤ ለሙሉ ቀን ሠርግ ብዙ ባትሪ ይጠይቅሻል።

ስለ አንዱ ሜሞሪ፦ አንድ ትልቅ ካርድ አትያዢ። 32 ጊጋ የሆኑ አራት ካርዶች ግዢ፤ አንዱ ሮው ከ30 ሜጋባይት በላይ ስለሚሆን በአንዱ ካርድ ከ800 እስከ 900 ፎቶ ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑን በአንዱ፣ የጣናውን በሌላው፣ የማታውን በሦስተኛው አንሺ። ፈጣኑን የዩኤችኤስ 2 ካርድ ብታስገቢ ካሜራው ከዩኤችኤስ 1 ፍጥነት አያልፍም፤ ገንዘብሽን አታባክኚ። ካርዱን ሁልጊዜ ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጊ፣ ቀዩ መብራት እየበራ በሩን አትክፈቺ። ምሳ ሲበላ ዋና ዋናዎቹን በዋይፋይ ወደ ስልክሽ ላኪ፤ ሮው ከሆኑም እንደ ጄፔግ ይሄዳሉ፣ ያም ቢሆን ካርዱ ቢበላሽ ባዶ እጅሽን አትቀሪም።

የባህር ዳሯ

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አዲሱ ካሜራ ከ50 ሌንሴ ጋር ፎከሱ ልክ መሆኑን እንዴት ላውቅ?

ጠጋኙ

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሚ፣ ሌንሱን ኤፍ 1.8፣ መሃል ነጥብ ብቻ። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ካሜራው ከእሱ ጋር ቀጥ ይበል፣ ርቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ። አንድ ጊዜ በቪውፋይንደር፣ አንድ ጊዜ በላይቭ ቪው ፎከስ አድርገሽ አንሺና ሁለቱን አጉልተሽ አነጻጽሪ። በየጊዜው ፎከሱን አስቀድመሽ አበላሺው፤ አለበለዚያ ካሜራው ባለበት ይቆማል። የላይቭ ቪው ከቪውፋይንደሩ በግልጽ ከተሻለ ሜኑ ውስጥ ኤኤፍ ማይክሮአጀስትመንት (የፎከስ ማረሚያ) የሚለውን ክፈቺና በ5 እየጨመርሽና እየቀነስሽ ሞክሪ። ካሜራው ለየሌንሱ ለይቶ ያስታውሰዋል፣ 24-105ቱ ሲመጣ ለእሱ ብቻ እንደገና ትሠሪያለሽ፤ ለእሱም በሰፊውና በቴሌው (በሚያቀርበው) ጫፍ ሁለት የተለያየ ቁጥር ማስገባት ይቻላል።