ባይፖላር በቤተሰብ ላለበት ወጣት የዕለት ስሜት መዝገብ እንዴት ይያዝ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና
እናታችን ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) አለባት፤ መድኃኒቷን በሥርዓት ትወስዳለች። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ጤነኛ ነው። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዶርም ነው የሚያድረው። ስሜቱን በየቀኑ ለመመዝገብ ራሱ ፈቅዷል። ምን ምን ይጻፍ? ስንት ቀን ሲለወጥ ነው ወደ ሐኪም የምንሄደው?

መንዜው
እህቴ፣ ባለ ካሬ ደብተር ይበቃል። ለአንድ ቀን አንድ መስመር፤ እንቅልፍ፣ ስሜት፣ ጉልበት፣ ብስጭት፣ ምክንያት።

ስሜት ከ−3 እስከ +3 ይሰጠው። 0 ማለት ደስታ አይደለም፤ የእሱ የዘወትር ሁኔታ ነው። +1 ሞቅ ብሎታል፣ ትምህርቱ ግን አልተነካም። +2 ጓደኞቹ «ምን ሆነሃል?» የሚሉት ነው፦ ወሬው አያቋርጥም፣ ገንዘብ ይበትናል። +3 ራሱን መግዛት አቅቶታል። ወደ ታችም እንዲሁ፤ −3 ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ነው።

አማካይ እንዳይጽፍ። ጠዋት +2፣ ማታ −2 የሆነበት ቀን አማካዩ 0 ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበው ቀን ደህና መስሎ ያልፋል። የቀኑን ከፍታና ዝቅታ ለየብቻ ይጻፍ፦

ጥቅምት 12 | እንቅልፍ 7፣ ድካም የለም | ከፍ +1፣ ዝቅ 0 | ጉልበት 0 | ብስጭት 1 | ፈተና

የመጀመሪያው ወር የእሱን 0 ለማወቅ ብቻ ነው፤ ያኔ መተርጎም አትጀምሩ።

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ)
የእንቅልፍ ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል። ሰዓቱ ብቻውን አይበቃም፤ «ድካም አለ፣ የለም» የሚለው ነው ቁም ነገሩ። 4 ሰዓት ተኝቶ ቀኑን ሙሉ የሚያዛጋ ሰው እንቅልፍ አጥቷል። 4 ሰዓት ተኝቶ እንደጠገበ ሰው ንቁ ሆኖ ከዋለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማኒያ (የባይፖላር ከልክ ያለፈ የመነሳሳት ጊዜ) ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ይህ ነው።

የማሕሌት ሌሊት፣ የለቅሶ አዳር፣ የፈተና ሰሞን ሲሆን ምክንያቱ ይጻፍ። ነገር ግን በማግስቱ እንቅልፉ ካልተመለሰ «ምክንያት አለው» ብላችሁ አትለፉት፤ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ጫትና አረቄም ይመዝገቡ፤ የጫት ንቃትና የማግስቱ ድብርት መዝገቡን ያምታታሉ።

ስለ ቀኑ፦ ከልክ ያለፈ መነሳሳት 4 ተከታታይ ቀን ከቆየ ቀለል ያለው ማኒያ መለኪያ ላይ ደርሷል፤ ለሙሉው ማኒያ 1 ሳምንት፣ ለድባቴ 2 ሳምንት ነው። እኔ ግን 4 ቀን ጠብቁ አልልም። ሳይደክመው ለ2 ሌሊት እንቅልፉ ከዘወትሩ በ2 ሰዓት ካነሰና ስሜቱ +2 ከሆነ ለሐኪም ይነገር። ስለ መሞት ማሰብ ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል፣ ብቻውንም አይተው።

ጠያቂዋ
በስልክ ይሻላል? በየማታው ደውዬ ልጠይቀው?

አንኮበር
በየማታው አትደውዪ። ሰው የሚጠይቀው ልጅ «ደህና ነኝ» ማለት ይለምዳል፣ መዝገቡም 0 ብቻ ይሆናል። እሱ ይጻፍ፤ አንቺ በ15 ቀን አንዴ አብራችሁ እዩት። ምን ሲታይ ለማን እንደሚነገር ግን አሁን፣ ደህና ሳለ፣ ተስማሙ።

ስልክ ላይ ከሆነ ሰዓቱን አስተውሉ። በእኛ ከምሽቱ 4 የተኛ ሰው አፑ ላይ 4 ብሎ ከሞላ፣ 6 ሰዓት እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይጨመራል። ያመለጠ ቀን ባዶ ይተው፤ እሑድ ተቀምጦ ሳምንቱን የሚሞላ ሰው የሚጽፈው የእሑዱን ስሜት ነው።

ሲስተር
አንድ ነገር ልጨምር። ወላጅ ባይፖላር ካለበት ልጁን የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ5 እስከ 10 ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ አይያዙም፣ ይህን ይወቀው። በድባቴ ምክንያት ሐኪም ዘንድ ከሄደ ግን ገና ሲቀመጥ «እናቴ ባይፖላር አለባት» ይበል፣ ደብተሩንም ያሳይ። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊገፋ ስለሚችል ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ እንዳያዝ። ከእናቱ ሊቲየምም (የባይፖላር መድኃኒት) ተወስዶ አይሰጠው፤ መጠኑ በደም ምርመራ ነው የሚወሰነው።