የክሮኖ ቀንድ ግዢ፦ ዕቅዱን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አሰላሙ አለይኩም። ባለፈው ስብሰባ ያለቀው ሻዩ እንጂ አጀንዳው አይደለም። ስለዚህ እዚህ እንቀጥል። የግል ክሮኖ ሜትር (እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚነዳበት የብስክሌት ውድድር) ለሚወዳደሩት የማኅበራችን ልጆች ምን ዓይነት የብስክሌት መሪ እንግዛ? ቀንድ ያለውን ማለቴ ነው፤ ክርን አሳርፈው ወደ ፊት ተዘርግተው የሚይዙትን። ለደጋፊዎች የምናስገባው ዕቅድ ላይ እስካሁን የሰፈረው ይህ ብቻ ነው፦

«ማኅበሩ አንድ ሙሉ የካርቦን ክሮኖ መሪ ከውጭ ያስመጣል።»

እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ አላመንኩበትም። ቆራርጡት፣ ጨምሩበት፤ ብቻ ዝም አትበሉ።

አሰልጣኝ፦
መጀመሪያ ለምን እንደምንገዛው እንግባባ። ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ልጅ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚበላው አየር ነው። አየሩን የሚጋፈጠው ደግሞ ከብስክሌቱ ይልቅ ገላው ነው። ደረቱን ነፍቶ ከተቀመጠ እንደተዘጋ በር ይሆናል። ክርኑን ሰብስቦ ጀርባውን ሲያስተኛ ግን አየሩ ሾልኮ ያልፈዋል።

ፍጥነት ሲጨምር ነገሩ ይብሳል። ከ36 ወደ 40 ለመድረስ የተጨመረችው 4 ኪሎ ሜትር ናት። አየሩን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ግን ከሲሶ በላይ ያድጋል። ልጆቹ «እግሬ እምቢ አለኝ» የሚሉኝ እዚህች ጋ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ለወጣቶቹ። እ.ኤ.አ. በ1989 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ የብስክሌት ውድድር የመጨረሻ ቀን አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ በፈረንሳዊው ሎረን ፊኞን በ50 ሰከንድ ተበልጦ ነበር። የቀረው ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሉት። ሌሞንድ የትራያትሎን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ) ተወዳዳሪዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ቀንድ መሪው ላይ ደርቦ ወጣ። ፊኞን ያለ ቀንድ፣ ያለ ሄልሜት፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ አስሮ ነዳ። ሌሞንድ ውድድሩን በ8 ሰከንድ ወሰደው። ቀንዱ ብቻ አሸነፈለት አልልም። 8 ሰከንድ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ማንም አልናቀም።

ወጣት ተወዳዳሪ፦
አሰልጣኝ፣ አንድ ጥያቄ። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው ይባላል። ታዲያ ቀንዱ ለባሕር ዳርቻ ሰዎች እንጂ ለእኛ ምን ያደርጋል?

አሰልጣኝ፦
ጥሩ ጠየቅሽ። እውነት ነው፣ ስስ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ነው፤ እዚያ የሚቀንሰው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። የቀረው አየር ግን ያው ፊትሽ ላይ ነው። ቀንዱ ከመቶ ይህን ያህል ቆጠበ ከተባለ እዚህም ከመቶ ያንኑ ያህል ይቆጥባል። ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ሳንባሽም የሚያገኘው ይቀንሳል። ስለዚህ የምታባክኚው ትርፍ የለሽም።

ሀጂ (ገንዘብ ያዥ)፦
ልጆቼ፣ እኔ ስለ አየር አላውቅም፤ ስለ ሳጥኑ ግን አውቃለሁ። አንድ የካርቦን መሪ ገዝተን አንዱ ልጅ ሲጋልብበት አምስቱ ቆመው ሊያዩት ነው? የወሎ ሰው እንዲህ ማዕድ አያቀርብም። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ የምንዛሬው ነገር ለማንም አይነገርም። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዛሬ የተነገረህ ዋጋ ነገ የለም። ሦስት ፕሮፎርማ ሳላይ አንድ ብር አላወጣም።

መካኒክ፦
ሀጂ ጫፉን ያዙልን፤ እኔ ልጎትተው።

ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው ወጥ መሪ ነው። ነባሩን አውልቀህ በቦታው ጠፍጣፋ መሪ ከነቀንዱ ትገጥማለህ። ሁለተኛው ተደራቢ ነው። ነባሩ መሪ ላይ በሁለት ማነቆ ይታሰራል፤ ክርን የሚያርፍበት ትራስና ወደ ፊት የወጡ ሁለት ቀንዶች አሉት።

የወጥ መሪ ወጪ መሪው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮርስ ብስክሌት ላይ ፍሬኑም ማርሽ መቀየሪያውም አንድ እጀታ ውስጥ ነው። ያ እጀታ የተሠራው ለቆልማማ መሪ ነው፤ ክሮኖ መሪ ላይ አይሆንም። ስለዚህ አዲስ የፍሬን እጀታ፣ ቀንዱ ጫፍ ላይ የሚገባ ማርሽ መቀየሪያ፣ አዲስ ሽቦ ከነልባሱ። መሪ ልትገዛ ወጥተህ ግማሽ ብስክሌት ተሸክመህ ትመለሳለህ።

በዚያ ላይ ልጆቻችን ያላቸው አንድ አንድ ብስክሌት ነው። አንድ ቀን ክሮኖ፣ በማግስቱ የጎዳና ውድድር። ተያይዞ በሚነዳበት የጎዳና ውድድር ላይ ቀንድ ክልክል ነው። ወጥ መሪ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስፈታ ላድር ነው። ተደራቢውን ግን ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ አወልቀዋለሁ።

አሁን ወደ ልኩ። ትናንት ማታ ስድስቱንም ብስክሌቶች በካሊፐር ለካሁ፤ መሪው መሃል፣ ማነቆው የሚቀመጥበት ጋ። ሦስቱ 31.8 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሁለቱ አሮጌዎች 26። ልዩነቱ 6 ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ ግን የ31.8 ማነቆ 26 ላይ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። «የጎማ ቁራጭ ጠቅልልበት» የሚል አለ። እኔ ጋ አይሠራም። ልጁ የደረቱን ክብደት የሚጥልበት ነገር ነው፤ ከተንሸራተተ አፍንጫው ጎማው ላይ ነው የሚያርፈው። ልዩነቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት አለ፤ ትእዛዙ ላይ ለብቻው ይጻፍ። ስድስተኛው ብስክሌት ላይኛው መሪው እንደ ክንፍ ጠፍጣፋ ነው። ክብ ቦታ የለውም፤ ማነቆ አይይዝም። ለእሱ መጀመሪያ ተራ ክብ መሪ ይገዛለት።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት ሳንለካ ከአንድ ሱቅ አስመጥተን አልገባ አለ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልን። እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ኮፍያ እሰቅልበታለሁ።

አንጋፋ ተወዳዳሪ፦
መካኒክ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ተውክ። ካርቦን ቀላል ነው፣ ንዝረትም ይውጣል። በእኛ አስፋልት ላይ ንዝረት ቀላል ነገር አይደለም። ቢያንስ ለአንደኛዋ ልጅ ካርቦን ይሁንላት።

መካኒክ፦
ወንድምዓለም፣ ካርቦን አልጠላም። ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። አንዴ ካርቦን መሪ በተራ ቁልፍ ሳጠብቅ «ጠቅ» አለ። ምንም አልመሰለኝም። ኋላ በባትሪ ሳየው ከብሎኑ ሥር ጸጉር የምታህል መስመር ወጥታለች። ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ የጥብቀት ልኩ 5 ኒውተን ሜትር ተብሎ ይጻፋል። እጅ ደግሞ 5ን ከ9 አይለይም። አሉሚኒየም ቢበዛ ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቅሃል። ካርቦን ግን ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ነው። ለአሉሚኒየሙም ቢሆን የጥብቀት መጠን የሚያሳይ ቁልፍ በዕቅዱ ይግባ። አንድ ቁልፍ ለስድስት ብስክሌት ይበቃል።

ብረት ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)፦
ለምን እዚሁ አንሠራውም? ቱቦ አለ፣ መታጠፊያ አለ፣ ብየዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ግሬም ኦብሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ ራሱ በሠራው ብስክሌት፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ ገጥሞበት፣ የአንድ ሰዓት የዓለም ሪከርድ ሰብሯል። 51.596 ኪሎ ሜትር።

አሰልጣኝ፦
ኦብሪን ካነሳህ ቀጥሎ የመጣውንም አንሳ። ክንዱን ደረቱ ሥር አጥፎ ነበር የሚነዳው፤ በዓመቱ ያ አነዳዱ ታገደ። ዛሬ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ ውድድር ላይ የሚገባ ዕቃ ገበያ ላይ የሚሸጥ መሆን አለበት ይላል። ልጆቹ ነገ ብሔራዊ ቡድን ቢጠሩ የኛን ቱቦ ይዘው አይገቡም። ግን አንተን አንለቅህም። ከመግዛታችን በፊት ለልክ የሚሆን መሞከሪያ ሥራልን፤ ከፍ ዝቅ፣ ጠበብ ሰፋ የሚል። ብስክሌቱ ቆሞ ብቻ የምንጠቀምበት።

ብረት ሠራተኛ፦
አብሽር። በአንድ ሳምንት።

ወጣት ተወዳዳሪ፦
እኔ የምፈራው ለሁላችን አንድ ልክ ተብሎ እንዳይገዛ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ትናንት ቤት ሞከርኩት። የኋላ ጎማውን ማቆሚያ ላይ አስሬ፣ መሪው ላይ የእናቴን ጋቢ አጥፌ ክርኔን አሳረፍኩበት። ወንድሜ ከጎን በስልክ ቀረጸኝ። ጋቢው ሁለት እጥፍ ሲሆን ለዓይን በጣም አምሬ ነበር፤ ጀርባዬ እንደ ጠረጴዛ ነው። ግን ጉልበቴ ሆዴን እየመታ በ5 ደቂቃ ትንፋሽ አጠረኝ። አራት እጥፍ ሳደርገው 20 ደቂቃ ቆየሁ፤ ሳልነቃነቅ። ከዚያ እናቴ መጥታ «ጋቢዬን ምን አድርጎሽ ነው?» ብላ ወሰደችው። ሙከራው እዚያ ላይ ቆመ።

አሰልጣኝ፦
በርቺ! ከእኛ ሁሉ የተሻለ ሥራ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ዝቅ ያለ ሁሉ ፈጣን አይደለም። በየሁለት ደቂቃው ቀና የምትይ ከሆነ ያተረፍሽውን መልሰሽ ለአየር ትሰጪዋለሽ። ስለዚህ የምንገዛው ትራሱ ከፍታውም ስፋቱም የሚስተካከል ይሁን። ከሥሩ የሚደረደር ከፍ ማድረጊያ አብሮት ይምጣ።

የቀንዱን ቅርጽ በተመለከተ፣ ቀጥ ያለው ርካሽ ነው፤ ግን የእጅ አንጓን ወደ ታች ስለሚሰብረው ከ20 ደቂቃ በላይ ለሚነዳ ያማል። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለው ለአንጓ ይመቻል፤ መያዣም ይሆናል። በመካከል እንደ እባብ ትንሽ የታጠፈ አለ። እኔ ቀና ባለው ነኝ፤ ግን በጣም የቆመው አይሁን። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ባለው የዓለም አቀፉ ማኅበር ደንብ ቁመቱ ከ180 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ተወዳዳሪ የቀንዱ ጫፍ ከፔዳሉ መዞሪያ መሃል ወደ ፊት ከ80 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። በትራሱና በቀንዱ ጫፍ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም ከ10 ሴንቲ መብለጥ የለበትም። ስድስቱም ልጆቻችን ከ180 በታች ናቸው፤ ልካችን ይኸው ነው።

የኮምቦልቻ አባል፦
ሁላችሁም ስለ ፍጥነት ታወራላችሁ። እኔ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ልጠይቅ። እጅ ቀንዱ ላይ ሲሆን ፍሬኑ የት ነው? ሩቅ ነው። ጉም በወረደበት ጠዋት፣ ፊት ለፊት ሲኖትራክ፣ ከጎን ባጃጅ፣ መሃል ላይ አህያ። ክርኑን አስተኝቶ የሚወርድ ልጅ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አህያዋ አትጠብቀውም። ባለፈው አንዱ ልጅ እጁን መሪው መሃል አሳርፎ ሲወርድ ዓይኔ አይቷል። ስሙን አልጠራም፤ ያውቀዋል።

እኔ የምለው ቀንድ ያለው ብስክሌት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ እጅ ፍሬኑ ላይ ይሁን፤ ያለበለዚያ በመኪና ይጫን። ልምምዱ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው መንገድ ይደረግ። ከሐረጎ ጋር ሲተያይ ለጥ ያለ ነው። በጠዋት፤ ከሰዓት በኋላ በቦርከና በኩል የሚነሳው ነፋስ ጀማሪን ከነቀንዱ ይወስደዋል።

አሰልጣኝ፦
ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ልጁንም አውቄዋለሁ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ይህን ጻፍኩ፤ እዩት፦

«ማኅበሩ ለስድስት ተወዳዳሪዎች የአሉሚኒየም ተደራቢ ክሮኖ መሪ ይገዛል። ጫፉ ቀና ያለ፣ ትራሱ በከፍታና በስፋት የሚስተካከል ይሆናል። ለሁለቱ ባለ 26 ሚሊ ሜትር መሪዎች የልክ ቀለበት፣ ለአንዱ ብስክሌት ክብ መሪ፣ ለሁሉም አንድ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ አብሮ ይገዛል። ትእዛዝ የሚሰጠው የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ልክ ከተወሰደ በኋላ ነው። ቀንድ ይዞ በሐረጎ መንገድ መውረድ አይመከርም።»

የኮምቦልቻ አባል፦
«አይመከርም» ምን ማለት ነው? ልጅ «አይመከርም» ሲባል «ይቻላል» ብሎ ነው የሚሰማው። «ክርንን ትራስ ላይ አድርጎ ሐረጎን የወረደ ለአንድ ወር ቀንዱን ይነጠቃል» በልልኝ።

ጸሐፊ፦
ተስተካክሏል፤ ቃል በቃል።

ሀጂ (ገንዘብ ያዥ)፦
«በሦስት ፕሮፎርማ» የሚለው የለም። ደግሞ «የማይገባ ዕቃ ይመለሳል» የሚል ውል ሻጩ ይፈርም። የኮፍያ መስቀያ አንድ ይበቃናል።

አንጋፋ ተወዳዳሪ፦
የካርቦኑ ሐሳቤ ተሸንፏል፤ እሺ። ግን በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልኝ። በሚቀጥለው ዓመት መልሼ አነሳዋለሁ።

ጸሐፊ፦
ተመዝግቧል ጋሼ። የሀጂም ገብቷል።

መካኒክ፦
የ26ቱ ሁለት ልጆች ቅዳሜ ከሆጤ ስትመለሱ እኔ ጋ እለፉ፤ በድጋሚ እለካዋለሁ። የመሪውን ቴፕ ራሳችሁ እንዳትፈቱ፤ ባለፈው የፈታችሁትን ስጠቀልል ነው የዋልኩት። መሞከሪያው ከኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ ክርን ማሳረፊያ የሚሆን ነገር ይዛችሁ ኑ።

ወጣት ተወዳዳሪ፦
ጋቢ ላምጣ?

መካኒክ፦
እናትሽን አስፈቅደሽ።